ስለ ጎርጎራ ወደብና ስለ አባቴ ስም

ዓለም ጤና ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቆቃና በመቂ መካከል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። መንገደኛ ሽንኩርትና ቲማቲም ለመግዛት መኪናውን ካላቆመባት በቀር ስሟን የሚያነሣ ሰው ብዙ አይደለም። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁባት ስለ ሆነች፣ ከእርሷ ጀምሬ ወደ ጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ብሻገር አንባቢዎቼ መንገዱ ረዘመ ብለው እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ የጀመረው ከዚያ ነውና።

አባቴ የጎርጎራ ሰው ነበሩ። ወደ እኛ አገር የመጡት የቆቃ ግድብ በሚሠራበት ዘመን የቀን ሠራተኛ ሆነው ነው። ይህ ግድብ ኢጣልያ ለጦርነቱ ጉዳት በከፈለችው ካሣ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም ተፈጸመ፤ የአዋሽም ውሃ ከኋላው ተጠራቅሞ ዛሬ የቆቃ ሐይቅ የምንለው ሆነ። እንግዲህ የእኛ ሐይቅ ዕድሜው ከአባቴ ዕድሜ ያነሰ ነበር፤ ስለዚህም አባቴ ሐይቅ ብለው ሊጠሩት አይወዱም። «ይህ ኩሬ ነው፤ ሐይቅስ ጣና» ይሉ ነበር። ወደ ዝዋይ ወርደው የዘይ ሰዎች በጀልባ ወደ ደሴቶቻቸው ሲሻገሩ ባዩ ጊዜ ብቻ፣ ቃል ሳይናገሩ ለረጅም ሰዓት ቆመው ይመለከቱ ነበር። በዚያ ሐይቅ ባለችው በደብረ ጽዮን፣ በግራኝ ዘመን ካህናት ንዋያተ ቅድሳትንና መጻሕፍትን ይዘው እንደ ተሸሸጉ ይነገራልና፣ ይህን ሲሰሙ «የእኛም ደሴቶች እንዲሁ ናቸው» ብለው ደስ ይላቸው ነበር።

ከአገራቸው የወጡበትን ቀን ሲነግሩኝ ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ይኸውም በ15 ዓመታቸው በመርከብ ገመድ ሳቢ ሆነው እንደ ተቀጠሩ፣ አባታቸውም እስከ ወደቡ ድረስ ወርደው፣ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው፣ መርቀው እንደ ሸኟቸው ነው። ከዚያ በኋላ ጎርጎራን አላዩአትም። በ2001 ዓ.ም ሕመም በጠናባቸው ጊዜ፣ ለጎርጎራዋ ደብረ ሲና ማርያም ጃንጥላ ተስለው ሳያገቡ ብዙ ዘመን እንዳለፋቸው ነገሩኝ፤ እኔም አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ሌላውን ነገር ግን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ ይኸውም ስመ ክርስትናቸው ነው።

የነፍስ አባታቸው ከእርሳቸው አንድ ዓመት ቀድመው ዐርፈው ነበር፤ እናቴም ከዚያ በፊት በሞት ተለይተዋል። በጸሎተ ፍትሐቱ ቀን ካህኑ «ስመ ክርስትናቸው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ በቤቱ ያለነው ሁሉ እርስ በርሳችን ተያየን። በመጨረሻ አንድ ጎረቤት «እመቤታችንን የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ወልደ ማርያም ሳይሆኑ አይቀሩም» አለ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያ ስም ተፈቱ። ካህናት አንባቢዎቼ ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ። የገዛ አባቱን ስመ ክርስትና የማያውቅ ልጅ ቤቱን እንጂ አባቱን አልወረሰም ቢሉኝ መልስ የለኝም።

በጥር ወር 2003 ዓ.ም፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከመርካቶ የገዛሁትን ባለ ዘርፍ ጃንጥላ በሸራ ጠቅልዬ ወደ ባሕር ዳር ሄድሁ። በዚያን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ጧት ከባሕር ዳር ተነሥታ ሰኞ ማታ ጎርጎራ የምትገባ መርከብ ነበረች። ዘጌን፣ ደቅን አልፈን በቁንዝላ አደርን። ስለ መንገዱ ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ሐይቁን ያየ ያውቀዋል፤ ላላየውም በወረቀት ላይ ማሳየት አይቻለኝም። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። አባቴ ጣና ወለል የለውም፣ ድንጋይ ቢጥሉበት እስከ ምጽአት ይወርዳል ይሉኝ ነበር። ይህን ለመርከቡ መሪ ብነግረው ሳቀና፣ የሐይቁ ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቢሆን፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ እንደ ሆነ ነገረኝ። አባቴ የነገሩኝን ነገር ሰው ሲያርምብኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ጥቂት ከፋኝ።

በማግሥቱ እሰይ ደብርንና ደልጊን አልፈን ሄድን። በደልጊ መርከቧ እህል ስትጭን ብዙ ስለ ቆየች ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እግሩን ሲያፍታታ፣ እኔ ጃንጥላዬን ታቅፌ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ወደ ጎርጎራ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ ነው። በልቤ የሣልሁት ወደብ ታላቅ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ጥቂት የድንጋይ መውረጃ፣ ትልልቅ ዛፎች፣ የቆርቆሮ መጋዘኖች፣ በዳርም ላይ ተጎትተው የወጡ አሮጌ ጀልባዎች ናቸው። አንድ ታጣቂ የያዝሁትን ረጅም ጥቅል አይቶ «ይህ ጠመንጃ ነው?» ብሎ አስቆመኝ። ሸራውን ብፈታለት፣ ዘርፉን ባየ ጊዜ ቆቡን አውልቆ ተሳለመውና «እለፍ» አለኝ። እኔም ይህን በመልካም ምልክት ወሰድሁት። ወዲያው የጎንደር አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ፤ ከእኔ ጋር የወረደው ሰው ሁሉ ጠቦቱንና ጆንያውን ይዞ ወደ እርሱ ሮጠ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወደቡ ባዶ ሆነ፤ ከመርከበኞቹና ከእኔ በቀር በዚያ የቀረ ሰው አልነበረም። መርከቧም ተመልሳ የምትነሣው ሐሙስ ጧት ስለ ሆነ፣ ሁለት ሙሉ ቀን ነበረኝ።

ማክሰኞ ማልጄ ወደ ደብረ ሲና ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከውሃው ዳር በዛፎች መካከል ያለ፣ ክብ፣ በሣር የተከደነ ነው፤ የመቅደሱም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በጥንታዊ ሥዕል ተሞልቷል። ቀለሙ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ እንዲህ የደመቀ ከሆነ በተሣለበት ዓመት እንዴት ነበር ብዬ ተደነቅሁ። አንድ ሽማግሌ ካህን ጃንጥላውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ከፍተው፣ መልሰው አጥፈው፣

«በማን ስም ነው ልጄ?» አሉኝ።

የዓለም ስማቸውን ነገርኋቸው። «እርሱን አይደለም» አሉ። የሆነውን ሁሉ፣ የፍትሐቱንም ነገር ሳልደብቅ ተናገርሁ። ቀስ ብለው ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦ «እግዚአብሔርስ ያውቀዋል፤ በእርሱ ዘንድ የሚጠፋ ስም የለም። እኛ ግን በቅዳሴ የምንጠራው በስሙ ነው። እዚህ ተወልዶ ከሆነ እዚህ የሚያውቀው ሰው አይታጣም። ፈልግና አምጣልኝ፤ ጃንጥላው ይቆይሃል።»

እንግዲህ ጎርጎራን መዞር የጀመርሁት አገር ለማየት አይደለም፤ ስም ለመፈለግ ነው። ግን ፈላጊ ሰው ከጎብኚ ይልቅ ብዙ ያያል፤ በየደጁ ስለሚቆም። መጀመሪያ ወደ ወደቡ ግቢ ሄድሁ። ከዚያ ያሉት ሠራተኞች ወጣቶች ነበሩ፤ በ1940ዎቹ ስለ ሠራ ልጅ ብጠይቃቸው እንደ ቀልድ ቆጠሩት። ከመካከላቸው አንዱ አዝኖልኝ በኮረብታው ላይ የቆመውን የድንጋይ ግንብ አሳየኝ። ኢጣልያኖች አገራችንን በያዙበት በ5ቱ ዓመት ዘመን ይህን ወደብ ሲሠሩ ያቆሙት መታሰቢያቸው ነው። ወደ እርሱ ወጥቼ ሐይቁን ቁልቁል ስመለከት አንድ ነገር ታወቀኝ። አባቴ እንጀራ የጀመሩት ኢጣልያኖች በሠሩት ወደብ ነው፤ ትዳር የያዙትም የኢጣልያ ካሣ ባሠራው ግድብ አጠገብ ነው። እርሳቸው ግን በዕድሜያቸው ሁሉ ኢጣልያኖችን በክፉም በደግም ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም። ስለ መርከብ ገመድ ነበር የሚያወሩት፤ የረጠበ ገመድ እጅ እንዴት እንደሚልጥ።

ከኮረብታው ወርጄ በከተማው ስዞር ሌላ ነገርም አየሁ። ቤቶቹ ደጃቸውን የሰጡት ለሐይቁ ሳይሆን ለጎንደር መንገድ ነው። ጠጅ ቤቱም፣ ሱቁም፣ የሻይ ቤቱም አግዳሚ ወደ አውቶቡሱ ነው የሚያየው። ድሮ ሰው ወደዚህ የሚመጣው በውሃ ስለ ነበረ ወደቡ የአገሩ በር ነበር፤ አሁን ግን ጓሮ ሆኗል። ሽማግሌዎችን ስለ መርከብ ብጠይቃቸው ስለ መኪና ይመልሱልኛል። ከሄደ ሰው በቀር ወደብን አብዝቶ የሚያስብ ያለ አይመስለኝም። (ይህን የምጽፈው ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ሆነ ነገሩ ተለውጦ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ወረረ፤ «ገበታ ለሀገር» በተባለው ሥራም በጎርጎራ ታላቅ የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ «ጣና ነሽ ፪» የተባለች መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ጣና ተጓዘች። መርከብ በመኪና ተጭና ስትሄድ ሰው ሁሉ በመንገድ ዳር ቆሞ አየ፤ አባቴ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር!)

ረቡዕ ጧት ተስፋ ቆርጬ በውሃው ዳር ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ወጣት ጀልባ ቀዛፊ መጥቶ «ማርያም ግንብን ላሳይዎት» አለኝ። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ ተሳፈርሁ። ማርያም ግንብ ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ በገባ ምድር ላይ ያለ ፍርስራሽ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በዚህ ዳርቻ ከተማቸውን አድርገው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን መነኩሴ ፔድሮ ፓኤዝ ያገለገላቸው በዚሁ አገር ሲሆን፣ እርሱም በ1614 ዓ.ም በጎርጎራ ሞተ። ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ስላስገደዱ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም በ1628 ዓ.ም ከተማቸውን ከሐይቁ ርቀው በጎንደር ቆረቆሩ። ይህን ሁሉ አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

እኔን የገረመኝ ድንጋዩ ነው። በኖራ የተያያዘው ግድግዳ፣ በላዩም የተቀረጸው አበባ፣ ጠራቢው ለዘላለም ይቆማል ብሎ እንደ ሠራው ያስታውቃል፤ አሁን ግን አብዛኛው ወድቆ ቁጥቋጦ በቅሎበታል። የደብረ ሲና የሣር ክዳን ደግሞ እስከ ዛሬ አለ። በዚህ ላይ ስብከት ለማቆም የሚወድ ቢኖር ይችላል፤ ለእኔ ግን ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ታየኝ። ሣር በየጊዜው ይበሰብሳልና የሚለውጠው ሰው ያስፈልገዋል፤ ደብረ ሲና ያን ሰው አላጣችም። ደግሞም ንጉሡ «ሥልጣን ሰገድ» በሚል ስመ መንግሥት ነግሠው ሳለ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ሱስንዮስ ብቻ እንደሚላቸው ትዝ አለኝ። ያን ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ ከስም የራቀ አልነበረም።

ስንመለስ ቀዛፊው «ምን ሊያደርጉ መጡ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርሁት። መቅዘፊያውን አቁሞ፣ «ታዲያ አያቴን ለምን አይጠይቋቸውም? ዕድሜያቸው ከ80 ያልፋል፤ በልጅነታቸው ለመርከበኞች ጠላ ይሸጡ ነበር» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የዞርሁት በወንዶች ዘንድ ብቻ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

አሮጊቷ በግቢያቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። የአባቴንና የአያቴን ስም ጮክ ብዬ ነገርኋቸው። እንዝርቱ ቆመ።

«ያ ገመድ የሚወረውረው ልጅ? አንተ የእርሱ ልጅ ነህ?» አሉ። «እርሱ ሞተ ተብሎ ነበር እኮ!»

«አሁን ነው የሞቱት፤ ሁለት ዓመት ሆናቸው እናቴ» አልሁ።

«ነፍሱን ይማረው። አባቱ ዲያቆን ይሆንልኛል ብሎ ለየኔታ ሰጥቶት ነበር፤ እርሱ ግን ከፊደሉ ይልቅ መርከቡን ወደደ። አንድ ሌሊት ጠፍቶ ሄደ። አባቱ በማግሥቱ ሰማ፤ ወደ ወደቡም አልወረደ። ሲሞትም ‹ያን ልጅ ሳልመርቀው ቀረሁ› እያለ ነው የሞተው።»

«አባታቸው ወደቡ ድረስ ወርደው መርቀው እንደ ሸኟቸው ነበር የነገሩኝ» አልሁ።

አሮጊቷ አዩኝና አቀርቅረው እንዝርቱን አሾሩ። «ሲወጣ ያየሁት እኔ ነኝ ልጄ» አሉ። «ሌላ ሰው አልነበረም። ዳቦ ሰጠሁት።»

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የምናገረው ጠፋኝ። አባቴ ዋሽተውኝ ነው ለማለት አፌ አልደፈረም፤ ዛሬም አይደፍርም። ያንን ምርቃት ብዙ ጊዜ ስለ ተናገሩት፣ በመጨረሻ ራሳቸውም እንደ ተመረቁ ያምኑ ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔንም በሠርጌ ቀን እጃቸውን በራሴ ላይ ጭነው ሲመርቁኝ «አባቴ እንደ መረቀኝ» ብለው ነበር የጀመሩት። ያልተቀበሉትን ለእኔ ሰጡኝ።

ስለ ስመ ክርስትናቸው ስጠይቃቸው አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አያውቁትም። «ክርስትና አባቱ ግን የደልጊ ሰው ነበር፤ እህል ነጋዴ» አሉ። «እርሱም ሞቷል። ልጁ አለች፤ ከመርከቡ ማቆሚያ በላይ ነው ቤቷ። ከዚያ ሳታልፍ መጥተሃል?»

አልፌ መጥቼ ነበር። ጃንጥላዬን ታቅፌ።

በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ለመሄድና ከዚያ ወደ አገሬ ለመመለስ አስቤ ነበር፤ ሐሳቤን ለውጬ ሐሙስ ጧት በዚያችው መርከብ ተሳፈርሁ። የመርከቡን መሪ በደልጊ ምን ያህል እንደምንቆም ብጠይቀው «ጤፉ እስኪጫን» አለኝ። ስንት ጆንያ እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ አያውቅም። ደልጊ እንደ ደረስን ከሁሉ አስቀድሜ ዘልዬ ወረድሁና ዳገቱን ሮጥሁ፤ በዕድሜዬ እንዲያ መሮጥ አይገባኝም ነበር።

ሴትዮዋ በደጃቸው እህል እያበጠሩ ነበሩ። የማን ልጅ እንደ ሆንሁ በነገርኋቸው ጊዜ ወንፊቱን አስቀምጠው ቆሙ። አባታቸው፣ ይኸውም የአባቴ ክርስትና አባት፣ በሕይወት ሳሉ በዓመት አንድ ቀን ለዚያ ለጠፋው ክርስትና ልጃቸው ጧፍ ያበሩ እንደ ነበር ነገሩኝ፤ በሕይወት ይኑር ወይም ይሙት ስላላወቁ ለሁለቱም በሚሆን ጸሎት። «እርሱም ካረፈ ወዲህ እኔ አበራለታለሁ» አሉ። «አባቴ ይህን አትተዪ ብሎኝ ነው።»

ስሙን ነገሩኝ። ወልደ ማርያም አልነበረም። ስመ ክርስትና ለካህን እንጂ ለጋዜጣ ስላይደለ እዚህ አልጽፈውም።

ከታች የመርከቧ ጡሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። ሴትዮዋ እንጀራ ሳልበላ እንዳልሄድ ለመኑኝ፤ እግራቸውን ስሜ ሮጥሁ። ከመርከቧ ገመድ ሳቢዎች አንዱ፣ ዕድሜው 15 ወይም 16 የሚሆን ልጅ፣ ገመዱን ሊፈታ ሲል ደረስሁበት። ስሙን በወረቀት ጽፌ፣ ከጥቂት ብር ጋር፣ በሚመጣው ሰኞ ጎርጎራ ሲገባ በደብረ ሲና ለእነዚያ ሽማግሌ ካህን እንዲያደርስልኝ ለመንሁት። ወረቀቱን ሳያነብ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያም ገመዱን ፈታ፤ እጆቹ ተልጠው ነበር።